ከኢንጂባራ እስከ ጅዳ፦ በአውሮፕላን ውስጥ የምንሰማቸው ትዕዛዞች ምክንያታቸው ምንድን ነው?

በረመዳን የሚደረግ ዑምራ ምንዳው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ የከረሙ ልጆች እናትና አባታቸውን ወደ መካ ለመሸኘት ይህን ወር ይመርጣሉ። ከአዊ ዞን የሚነሳ ተጓዥ ከኢንጂባራ ወይም ከዳንግላ ባሕር ዳር ድረስ በመኪና ይሄዳል፣ ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይገባል፣ ከቦሌ ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳ ወይም መዲና ያርፋል። ከቦሌ ጅዳ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ለዚህ ጉዞ ቤተሰብ የማያዘጋጀው ነገር የለም። ኢህራሙ ይገዛል፣ መድኃኒቱ ይቋጠራል፣ የዱዓ አደራው ይቆጠራል። የጠዋፉና የሰዕዩ ሥርዓት በመስጂድ ይጠናል። የሚረሳው አውሮፕላኑ ራሱ ነው። ብዙ አባቶችና እናቶች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሩት በዚህ ጉዞ ነው። አስተናጋጇ ከፊታቸው ቆማ ቀበቶና ጭምብል ስታሳይ ማስታወቂያው በአማርኛና በእንግሊዝኛ በፍጥነት ያልፋል። ቤቷ በአዊኛ ስታወራ የኖረች እናት ደግሞ ግማሹን ሳትሰማው፣ ሰውን ላለማስቸገር ብላ አንገቷን ነቅንቃ ዝም ትላለች።

የሰማውም ቢሆን ግራ ይገባዋል። የመስኮቱ መሸፈኛ ለምን ይከፈታል? መቀመጫው አንድ ጣት ያህል ቢያዘነብል ምን ይጎዳል? ልጅን የምታህል አደራ አጠገቧ እያለች እናት ለምን መጀመሪያ ለራሷ ጭምብል ታጠልቃለች? ምክንያቱ ስለማይነገር ትዕዛዙ የአስተናጋጆች ቁጣ ይመስላል። በዛሬው ገጻችን ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እናያለን፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው በጭንቅ ሰዓት ትዕዛዙን አይረሳውምና።

«ከወደቀ ማን ይተርፋል?»

ብዙዎቻችን ማስታወቂያውን የማንሰማው አንድ ሐሳብ በልባችን ስላለ ነው፤ አውሮፕላን ከወደቀ ማንም አይተርፍም፣ ስለዚህ ቀበቶና ጃኬት ከንቱ ነው የሚል። ይህ ሐሳብ እውነት አይደለም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1983 እስከ 2000 ድረስ በአገሪቱ አየር መንገዶች ላይ የደረሱ አደጋዎችን መርምሮ፣ በአደጋዎቹ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሕይወት መትረፋቸውን አረጋግጧል።

ምስክር ፍለጋ አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የእርግብ መንጋ ገጠመው። ወፎቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመልሱት ቢሞክሩም ሞተሮቹ ኃይል አጡ፣ አውሮፕላኑም ጎማውን ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ተሳፍረው ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸው አለፈ። 69ኙ ግን ከዚያ እሳት ወጡ።

የአዊ ተጓዦች ዛሬ የሚነሱበት አየር ማረፊያ ያው የባሕር ዳሩ ነው። ይህን የምንናገረው ለማስፈራራት አይደለም፤ አውሮፕላን ዛሬም ከመኪና መንገድ እጅግ የተሻለ ደህንነት ያለው መጓጓዣ ነው። የምንናገረው በምድር ላይ ከሚቃጠል አውሮፕላን በሕይወት መውጣት የሚቻል መሆኑን ለማሳየት ነው። ማስታወቂያው የተዘጋጀው ለእነዚያ 69 ሰዎች ዓይነት ነው።

ጃኬቱን ውስጥ ሆናችሁ አየር አትሙሉ

ከሁሉም ትዕዛዞች እንግዳ የሚመስለው ይህ ነው። ሰው ውሃ ሲፈራ ቶሎ የሚንሳፈፍበትን ነገር መያዝ ይፈልጋል። አስተናጋጇ ግን ጃኬቱን በአንገታችሁ አጥልቁ፣ ማሰሪያውን በወገባችሁ እሰሩ፣ ገመዱን የምትስቡት ግን ከበሩ ስትወጡ ብቻ ነው ትላለች። ለምን?

መልሱ በራሳችን አየር መንገድ ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳውን በረራ ቁጥር 961 ሦስት ጠላፊዎች ያዙት። ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ደጋግመው ቢያስረዱም የሚሰማቸው አላገኙም። ነዳጁ አለቀ፣ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ። አውሮፕላኑ በኮሞሮስ፣ በግራንድ ኮሞር ደሴት ዳርቻ፣ በባሕር ዳር ከሚገኝ ሆቴል ፊት ለፊት ውሃው ላይ ወርዶ ተሰባበረ። የደሴቲቱ ነዋሪዎችና በሆቴሉ የነበሩ እንግዶች በጀልባና በዋና ደርሰው ያገኙትን አወጡ። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ፣ 125ቱ ሞቱ።

ከሞቱት መካከል ከአደጋው ምት ተርፈው ውሃው ያስቀራቸው ነበሩ። ብዙ ተሳፋሪዎች ጃኬታቸውን ገና በአውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ አየር ሞልተውት ነበር። አካሉ በውሃ ሲሞላ የተነፋው ጃኬት ሰዎቹን ወደ ጣሪያው አነሳቸው። ከውሃው በታች ያለው በር ጋ ለመድረስ መጥለቅ ያስፈልግ ነበር፤ ጃኬቱ ደግሞ መጥለቅን አይፈቅድም። ለማዳን የተሠራው ነገር አስሮ አስቀራቸው።

የውሃ ዋና የማያውቅ የደጋ ሰው ይህን ታሪክ አንድ ጊዜ ከሰማ፣ በችግር ሰዓት እጁ ወደ ገመዱ ቢሄድ እንኳ ያቆመዋል። ወደ ጅዳ የሚሄደው አውሮፕላን ቀይ ባሕርን የሚያቋርጥ በመሆኑ ትዕዛዙ ለዑምራ ተጓዥ ባዶ ወግ አይደለም። ጃኬቱ በአብዛኛው ከመቀመጫ ሥር ነው ያለው። ስትቀመጡ እጃችሁን ሰዳችሁ ቦታውን ፈልጉት፤ አታውጡት፣ መኖሩን ግን እወቁ። ሒጃብ የለበሱ እናቶች ጃኬቱን ከሻሻቸው በላይ ማጥለቅ ይችላሉ።

መነሻና ማረፊያ፦ አሥራ አንዱ ደቂቃዎች

በበረራ ሰዎች ዘንድ የታወቀ አባባል አለ፤ ከመነሻው በኋላ ያሉት 3 ደቂቃዎችና ከማረፉ በፊት ያሉት 8 ደቂቃዎች ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የሚያስቸግሩን ትዕዛዞች አብዛኞቹ የሚመጡትም በእነዚህ ደቂቃዎች ነው።

የመስኮት መሸፈኛው የሚከፈተው ለእይታ ነው። ከውጭ እሳት ቢነሳ አስተናጋጆቹ በየትኛው ወገን እንደሆነ አይተው ያንን በር መተውና ሌላውን መክፈት አለባቸው። ከውጭ የሚመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በመስኮቱ ወደ ውስጥ ማየት ይችላሉ። በሌሊት በረራ መብራቱ የሚቀነሰውም ለዚሁ ነው። ከደማቅ ብርሃን ድንገት ወደ ጨለማ የወጣ ዓይን ለጊዜው አያይም፤ መብራቱ አስቀድሞ ከደበዘዘ ግን ዓይን ጨለማውን ለምዶ ይጠብቃል። በገጠር ቤት ኩራዝ አጥፍቶ ወደ ደጅ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል።

መቀመጫው ቀጥ እንዲል፣ የፊት ጠረጴዛውም እንዲታጠፍ የሚጠየቀው ከኋላችሁ ላለው ሰው ነው። ያዘነበለ መቀመጫ የሰውን መውጫ ያጠብባል። አውሮፕላን የሚሠሩ ድርጅቶች ፈቃድ ለማግኘት ሙሉ ተሳፋሪ የጫነ አውሮፕላን ከበሮቹ ግማሹ ብቻ ተከፍቶ በ90 ሴኮንድ ውስጥ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ማሳየት አለባቸው። በዘጠና ሴኮንድ ውስጥ አንድ የተዘረጋ ጠረጴዛ ወይም በመተላለፊያው ላይ የተቀመጠ አንድ ፌስታል የመስመሩን ሰው ሁሉ ያዘገያል።

ከመነሳታችን በፊት አስተናጋጆቹ እርስ በርስ በሮቹን አዘጋጁ ሲባባሉም እንሰማለን። ይህ መልእክት ለእኛ አይደለም። በሩ ከተዘጋ በኋላ የአደጋ ጊዜ መንሸራተቻው ከበሩ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ሲከፈት መንሸራተቻው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በአየር ተሞልቶ ይዘረጋል። ንጹሕ አየር ፈልጎ የበሩን እጀታ መንካት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የልጅ ጉዳይም በዚሁ ይነሳል። ሕፃን ያቀፈች እናት ቀበቶዋን ልጇንም ጨምራ ብታጠልቀው ደስ ይላታል። አውሮፕላኑ ድንገት ቢቆም ግን የእናቲቱ ክብደት ልጁን በቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ አስተናጋጆቹ ለሕፃኑ ከእናቱ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ቀበቶ ይሰጣሉ። አንቀልባም ቢሆን በመነሻና በማረፊያ ሰዓት መፈታት አለበት። የሕፃን ጃኬትም ለብቻው ስላለ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ጭምብሉ መጀመሪያ ለራስ

እናትን የሚያስቆጣት ትዕዛዝ ይህ ነው። ልጇ እያለ ለራሷ ማጥለቅ የክፉ ሰው ሥራ ይመስላታል። ምክንያቱን እንይ።

አውሮፕላን በ10,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲበር ውጭ ያለው አየር ሰው ሊተነፍሰው የማይበቃ ስስ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለው አየር ተጨምቆ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ያህል እንዲሆን ይደረጋል። የኢንጂባራ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ስለዚህ በሰማይ ላይ ያለ የኢንጂባራ ሰው የሚተነፍሰው አየር በቤቱ ደጃፍ ካለው አየር የሳሳ አይደለም።

ይህ የአየር ግፊት በድንገት ቢጠፋ ሰው አእምሮውን ይዞ የሚቆየው ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አይሞትም፣ ግን ይፈዛል፤ ጭምብሉ ፊቱ ላይ ተንጠልጥሎ ምን እንደሆነ አይለይም። መጀመሪያ ልጇን ልታስተካክል የሞከረች እናት ልጁ እየታገላት ጊዜው ካለፈ ሁለቱም ይወድቃሉ። ለራሷ አምስት ሴኮንድ ወስዳ ካጠለቀች ግን ልጇ ራሱን ቢስት እንኳ እሷ ነቅታ ትደርስለታለች። ትዕዛዙ ልጁን የሚያተርፈው እናቱን በማትረፍ ነው።

ሁለት ነገር ጨምረን እንንገራችሁ። ጭምብሉ ሲወርድ ወደ ራስ ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ኦክስጅኑ መፍሰስ የሚጀምረው ሲሳብ ነው። ከሥሩ ያለው ከረጢት ባይነፋም ኦክስጅኑ እየመጣ ነውና አትደንግጡ። የሚቆየው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ አብራሪው አውሮፕላኑን በፍጥነት ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ያወርደዋል። ኒቃብ የለበሰች እህት ጭምብሉ አፍንጫና አፏን በቀጥታ እንዲነካ ኒቃቧን ገለጥ ማድረግ አለባት። ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ በሸሪዓ ደግሞ ችግር የተከለከለውን ትፈቅዳለች።

ስለ ጆሮም እናንሳ። ከደጋ ተነስቶ ጅዳ የሚወርድ ሰው ወደ ባሕር ወለል ስለሚወርድ ጆሮው ይደፈናል። ለሌላው ተጓዥ ማስቲካ አኝክ ይባላል፤ ጾመኛ ግን አይችልም። ምራቅን ደጋግሞ መዋጥ ጾምን አያፈርስም፣ ጆሮንም ይከፍታል። ማዛጋት፣ ወይም አፍንጫን ይዞ አፍን ዘግቶ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ መግፋትም ይረዳል። ሕፃናት ሲወርድ የሚያለቅሱት በዚሁ ሕመም በመሆኑ ያን ጊዜ ጡት ማጥባት ጥሩ መድኃኒት ነው።

ስልኩ፣ አዛኑና ኢፍጣሩ

ስልካችሁን በበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉ የሚለው ትዕዛዝ አንድ ስልክ አውሮፕላን ይጥላል ማለት አይደለም። ስልክ በሰማይ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ኃይሉን ከፍ አድርጎ ይልካል፤ ብዙ ስልኮች ባንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ በአብራሪዎቹ ማዳመጫ ላይ የሚያስቸግር ድምፅ ሊፈጥሩ ይችላሉ። አብራሪው ከምድር የሚነገረውን ቁጥር በትክክል መስማት ያለበት በመነሻና በማረፊያ ሰዓት ነው።

በረመዳን ሌላም ነገር አለ። ኔትወርክ የተዘጋበት ስልክ አዛን የሚያሰማው ባለፈው ባወቀው ከተማ ሰዓት ነው። በኪሳችሁ ያለው ስልክ በባሕር ዳር ሰዓት መግሪብ ደረሰ ብሎ ቢጮህ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ላይ ፀሐይ ገና ልትታይ ትችላለች። ከፍ ያለ ሰው ፀሐይን ምድር ላይ ካለው ሰው በኋላ ድረስ ያያታል። በዱባይ 828 ሜትር የሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ ሕንፃ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች በ2003 ዓ.ም. ረመዳን የአገሪቱ ዑለማዎች ከ80ኛ ፎቅ በላይ ያሉ ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛ ፎቅ በላይ ያሉ ሦስት ደቂቃ ዘግይተው እንዲያፈጥሩ የነገሩት በዚህ ምክንያት ነው። በ10,000 ሜትር ላይ ልዩነቱ ከአሥር ደቂቃ ያልፋል። ስለዚህ ዑለማዎች በአውሮፕላን ያለ ጾመኛ የሚያፈጥረው በመስኮቱ ፀሐይ መጥለቋን ሲያይ ነው ይላሉ። መስኮቱ በማረፊያ ሰዓት መከፈቱ ለጾመኛውም ይጠቅመዋል ማለት ነው።

ሙሳፊር በመንገድ ላይ እንዳይጾም የተሰጠው ፈቃድ እንዳለም አንርሳ። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ሌላ ሕመም ያለባቸው አባትና እናት ይህን ፈቃድ አስቀድመው ከሐኪማቸውና ከኢማማቸው ጋር ይነጋገሩበት።

ሻንጣው፦ ምን ይገባል፣ ምን ይቀራል

ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ በእጅ ይያዝ ይባላል። እንግዳ ይመስላል፤ አደገኛ ከሆነ ለምን ከሰው ጋር ይቀመጣል? ምክንያቱ እሳቱን ሰው ቶሎ እንዲያየው ነው። በሰው አጠገብ የሚጨስ ባትሪ ቶሎ ይደረስበታል፤ በሻንጣ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አያየውም። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ገና ሳይነሳ ከተሳፋሪ በላይ ባለው የዕቃ ሳጥን ውስጥ እሳት ተነስቶ አውሮፕላኑን በላው፤ 176ቱም ሰዎች ወጡ። መርማሪዎች የጠረጠሩት ፓወር ባንክን ነው። ስለዚህ ፓወር ባንኩን ከላይ ባለው ሳጥን ሳይሆን በአጠገባችሁ ያዙ። አቅሙ 20,000 ሚሊአምፒር አወር የሆነው በአብዛኛው ከተፈቀደው መጠን በታች ነው፤ ከ27,000 በላይ የሆነው ግን ልዩ ፈቃድ ይፈልጋል።

ምድጃና ላምባ የተከለከሉትም በምክንያት ነው። ኅዳር 16 ቀን 1972 ዓ.ም. ሐጃጆችን ይዞ ከጅዳ ወደ ካራቺ የተነሳ የፓኪስታን አየር መንገድ አውሮፕላን በውስጡ እሳት ተነስቶ ጣኢፍ አካባቢ ወደቀ፤ 156ቱም ሰዎች ሞቱ። የእሳቱን መነሻ በተመለከተ ከቀረቡት ግምቶች አንዱ ሐጃጆች ይዘውት የነበረ ነዳጅ የሚያፈስ ምድጃ ነው። ቡና በመንገድ ላይ ለማፍላት ትንሽ ምድጃ ልቋጥር የሚል ተጓዥ ይህን ያስታውስ።

በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይፈቀድም የሚለው ሕግ የመጣው በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በለንደን ፈሳሽ ፈንጂ በአውሮፕላን ለማፈንዳት የታቀደ ሴራ ከተደረሰበት በኋላ ነው። ማርና የተነጠረ ቅቤም በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሲመለሱ ደግሞ የዘምዘም ውሃ ጉዳይ ይመጣል። የሳዑዲ አየር ማረፊያዎች ዘምዘም በሻንጣ ውስጥ ተደብቆ እንዲጫን አይፈቅዱም። የሚፈስ ጀሪካን የሌላውን ዕቃ ያበላሻል፣ ሻንጣውም በምርመራ ላይ ተከፍቶ ይቀራል። በትክክል የታሸገው ባለ 5 ሊትር የዘምዘም ዕቃ ግን በአየር ማረፊያው ይሸጣል፣ ለብቻውም ይጫናል። አምስት ሊትሩን በደህና ማምጣት ሃያ ሊትር አስወስዶ ባዶ እጅ ከመመለስ ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን በአደጋ ጊዜ ዕቃችሁን ትታችሁ ውጡ የሚለው ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በቶኪዮ ሐኔዳ ማረፊያ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ተቃጠለ። በውስጡ 379 ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ወጡ፤ ሻንጣውን ግን ውስጥ ትቶ ነው። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ አመድ ሆነ። አንድ ሰው ከላይ ሻንጣ ሲያወርድ ከኋላው ያለው መስመር ሁሉ ይቆማል፣ ጢሱ ግን አይቆምም። ፓስፖርት፣ ገንዘብና የዕለት መድኃኒት አንገት ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ከሆነ አባባ የሚመለሱበት ነገር አይኖርም። ቁርአንም ቢሆን ይቀራል፤ ነፍስ ከወጣች አላህ ሌላ ሙስሐፍ ይሰጣል።

መቀመጫ መቀየር ንቀት አይደለም

በአደጋ ጊዜ መውጫ አጠገብ ያለው መቀመጫ ሰፋ ስለሚል ልጆች ለአባታቸው ሊመርጡት ይችላሉ። አስተናጋጇ መጥታ ሽማግሌውን አንስታ አንድ ጎረምሳ ስታስቀምጥ ደግሞ ቤተሰቡ ይቆጣል፤ በአገራችን ሽማግሌ ሲነሳ ወጣት አይቀመጥምና። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ግን ከባድ በር ሊከፍትና የአስተናጋጆቹን ቋንቋ ወዲያው ሊረዳ ይገባዋል። ለአባት የሚበጀው መተላለፊያው አጠገብ ያለ ወንበር ነው። ከመቀመጫቸው እስከ ቅርቡ በር ድረስ ስንት ወንበር እንዳለ ቢቆጥሩ ደግሞ በጢስ ውስጥ እየዳበሱ መድረስ ይችላሉ።

ኢህራምም በዚህ ይታሰብ። ወደ ሚቃት ሲቃረብ ማስታወቂያ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ልብስ ለመቀየር ሁሉም ወደ መጸዳጃ ቤት ከሮጠ የቀበቶው ምልክት በርቶ መንገዱ ይዘጋል። ልብሱን ከቤት ወይም ከአየር ማረፊያ ለብሶ፣ ኒያውን ሚቃት ላይ ማድረግ ይቻላል። የመቀመጫው ቀበቶ ኢህራምን አያበላሽም። የሶላት ሰዓት ከደረሰና መቆም ካልተፈቀደ በተቀመጡበት መስገድ እንደሚቻል ከኢማማችሁ ጠይቃችሁ ተረዱ፤ ለውዱእ የመጸዳጃውን ወለል በውሃ ማጥለቅለቅም አያስፈልግም።

ከኢፍጣር በኋላ አንድ ምሽት

ተጓዥ ያለው ቤት ሁሉ ይህን ትምህርት በቤቱ መስጠት ይችላል። ሾርባና ቴምሩ ከተነሳ በኋላ፣ ከተራዊሕ ሲመለሱ፣ ለአባትና ለእናት ወንበር አስቀምጡ። ቀበቶው እንደ መኪና ቀበቶ በመጫን ሳይሆን ክዳኑን ወደ ላይ በማንሳት እንደሚፈታ አሳዩአቸው፤ በድንጋጤ ጊዜ እጅ የለመደውን ነውና የሚሠራው። ጭምብሉን በአንድ ጨርቅ አስመስሉ፤ መጀመሪያ ለራሳቸው፣ ከዚያ ለአጠገባቸው። የጃኬቱን ታሪክ ከኮሞሮስ ጋር ንገሯቸው። ቤታቸው አዊኛ ከሆነ በአዊኛ፣ አማርኛ ከሆነ በአማርኛ። አስተናጋጇ በሁለት ደቂቃ ያለፈችውን እናንተ ምሽቱን ሙሉ ልትደጋግሙት ትችላላችሁ። ከልጆቹ ማን አስተናጋጅ እንደሚሆን ሲከራከሩም ሳቁን ታገኙታላችሁ።

ይህ ሁሉ ቀደርን መጠራጠር እንዳይመስላችሁ። ግመሌን ሳላስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡት ምክር አስቀድሞ እንዲያስራት ነበር። ቀበቶ ማሰርም፣ ጃኬት ያለበትን ማወቅም ሰበብ ማድረስ ነው፤ የቀረው የአላህ ነው። ተጓዦቻችንን በሰላም አድርሶ፣ ዑምራቸውን ተቀብሎ፣ ከነዘምዘማቸውና ከነዱዓቸው ወደ ኢንጂባራና ወደ ዳንግላ ይመልስልን። ረመዳን ከሪም።